በእርምጃ የተለካ ቬሎ

ወርቅውሃ ጎንደር ተወልዳ አሥመራ ላይ ያረጀች ልብስ ሰፊ ናት። ወደዚህ የመጣችው ገና በልጅነቷ፣ ዘርዓብሩክ የሚባል የአውቶቡስ መካኒክ አግብታ ነው። ዘርዓብሩክ የተበላሸ አውቶቡስ ሊጠግን ጎንደር ሄዶ ሳለ አያት፤ አውቶቡሱ ከተጠገነ በኋላም ሰበብ እየፈለገ ሰነበተና ሽማግሌ ላከ። ስፌት የተማረችው ግን እዚሁ ነው፤ መሀል ከተማ አንዲት ጣሊያናዊት መበለት በነበራት ስፌት ቤት። ሴትዮዋ ጠቅልላ አገሯ ስትገባ አንዱን ባለ ፔዳል የስፌት ማኪና ለወርቅውሃ ትታላት ሄደች። ወርቅውሃ ማኪናውን ጥራቮሎ ሰፈር ካለው ቤቷ ሳሎን፣ ከመስኮቱ ሥር አቆመችው። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ የሚያውቃት አንገቷን ደፍታ ስትሰፋ፣ ቀና ብላ መንገዱን ስታይ፣ እንደገና አንገቷን ስትደፋ ነው።

ልጅ አልወለዱም። ዘርዓብሩክ በጦርነቱ የመጨረሻ ዘመን፣ ከተማዋ ተከባ መድኃኒት በጠፋበት ጊዜ፣ በኩላሊት ሕመም ሞተ። ሙት ዓመቱ ሳይደርስ ታላቅ ወንድሟ እሸቱ መጣ። እሸቱ በዚያን ጊዜው ሠራዊት የደመወዝ ክፍል መኮንን ነበር፤ አሥመራ ላይ ብዙ ዘመን ሠርቷል።

"ተነሺ፣ የምትይዢውን ያዢ" አላት በሩ ላይ እንደቆመ። "አውሮፕላን ላይ ቦታ አግኝቼልሻለሁ። ከዚህ በኋላ እዚህ ምን እንደሚሆን አይታወቅም።"

"የት ነው የምሄደው?"

"አዲስ አበባ። ከእኔ ጋር።"

"አዲስ አበባን አላውቀውም" አለች ወርቅውሃ። "ባሌ የተቀበረው እዚህ ነው። ቤቴም እዚህ ነው። ደግሞ የሰው ልብስ ጀምሬያለሁ።"

እሸቱ አእምሮዋን እንደሳተች ሰው አያት። እሷ ግን ማኪናው ላይ የነበረውን ሰማያዊ ጨርቅ አስተካክላ ወደ መርፌው መለሰችው። እሱ ሄደ፤ እሷ ቀረች።

ብዙም ሳይቆይ ነፃነት መጣ። ከተማው ሲዘፍን ሰነበተ። ሰፈሩ ውስጥ አማርኛ ብቻ ይነገርባቸው የነበሩ ቤቶች አንድ በአንድ ባዶ ሆኑ፤ ከዚያም ከሜዳ በተመለሱ ታጋዮች ተሞሉ። ወርቅውሃን ማንም ውጪ አላላትም። የዘርዓብሩክ ሚስት ናት፤ ትግርኛዋም ቅላጼው የጎንደር ቢሆንም ለሰው ይገባል። ሆኖም አንዳንድ ደንበኞቿ ልብሳቸውን ይዘው በደጇ እያለፉ ሌላ ሰፊ ዘንድ መሄድ ጀመሩ። እሷም ለምን ብላ አልጠየቀችም። የመጣውን ትሰፋለች፤ ያልመጣውን አትጠራም።

ከሁሉ የቆረቆራት የኣስመረት ነገር ነበር።

ኣስመረት ከመንገዱ ማዶ ነው የምትኖረው። ሁለቱ በወጣትነታቸው አብረው ሻሂ ይጠጡ፣ አንዷ ስትታመም አንዷ ገበያ ትወጣላት ነበር። የኣስመረት ልጅ ወጋሕታ በአማርኛ የቤት ሥራ ሲሰጣት ደብተሯን ይዛ የምትሮጠው ወደ ወርቅውሃ ነበር። ያቺ ልጅ ሁለተኛ ደረጃን ልትጨርስ ስትል አንድ ጠዋት ከቤት ወጥታ አልተመለሰችም። ትግሉን ልትቀላቀል ሜዳ መውጣቷ ታወቀ። ወታደሮች መጥተው አባቷን ሰረቀብርሃንን፣ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ የነበረውን ዝምተኛ ሰው፣ ይዘውት ሄዱ።

የዚያን ሰሞን ኣስመረት ነጠላዋን እየጎተተች መጣች። "ወንድምሽን ጠይቂልኝ፤ ይፍቱልኝ አላልኩም፣ የት እንዳለ ብቻ" አለቻት።

ወርቅውሃ ከተወሰኑ ቀናት በኋላ "አልቻለም" የሚል መልስ ይዛላት ሄደች። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ሰረቀብርሃን ከዓመት በላይ ታስሮ ሲወጣ ዓይኑ ደክሞ፣ ሰውን በድምፁ እንጂ በመልኩ የማይለይ ሆኖ ወጣ። ኣስመረት ከዚያ ወዲያ የወርቅውሃን ደጅ አልረገጠችም። መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ይሰጣጣሉ፤ ግን አይቆሙም።

ወጋሕታ በነፃነት ቀን አልመጣችም። የመጣችው ከወራት በኋላ ነው፣ ከሆስፒታል። ጦርነቱ ሊያልቅ ሲል በጊንዳዕ ግንባር ፈንጂ ረግጣ ግራ እግሯን ከጉልበቷ በታች አጥታለች። ሰው ሠራሽ እግር ተሰጥቷት መራመዱን እንደ ሕፃን እንደገና ተማረች። ሜዳ ላይ ቁስለኛ ታክም ስለነበር አሁንም ክሊኒክ ነው የምትሠራው፤ ምርኩዟን ከጣለች ቆይታለች።

ነፃነት ከመጣ ሁለት ዓመት ሊደፍን ሲል፣ ፋሲካ እንዳለፈ፣ ይህች ወጋሕታ አንድ ትልቅ ሻንጣ ይዛ ወርቅውሃ በር ላይ ቆመች።

"ከመይ ውዒልክን፣ ኣደይ ወርቅውሃ" አለች።

ወርቅውሃ እግሯን ከፔዳሉ አነሳች። ልጅቱ ከተመለሰች ወዲህ ከሩቅ እጅ ትነሳት ነበር እንጂ ቤቷ ገብታ አታውቅም። "ደህና ዋልሽ፣ ልጄ። ግቢ" አለቻት። "እናትሽ እዚህ መምጣትሽን ታውቃለች?"

"አታውቅም። ቃሓውታ ሰፈር ያለው ልብስ ሰፊ ዘንድ የሄድኩ መስሏታል። ሄጄም ነበር፤ ሻንጣውን ከፍቶ አየና መልሶ ዘጋብኝ።" ሻንጣውን ወለሉ ላይ አስቀመጠችው። "ላገባ ነው። ንጋሲ ይባላል። አማርኛዬን ሜዳ ላይ ጥዬው ስለመጣሁ ከተሳሳትኩ ያርሙኝ።"

ሻንጣው ሲከፈት ውስጡ ያለው ነገር እንደታፈነ ሰው ተነፈሰና ብድግ አለ። ቬሎ ነው። ጣሊያን አገር ቦሎኛ የምትኖረው አክስቷ ጸሃይ የላከችው፣ የራሷ ልጅ የተዳረችበት ቬሎ። ወርቅውሃ አውጥታ ዘረጋችው። ደረቱ የጠበቀ፣ ከወገቡ በታች እንደ ድንኳን የሰፋ፣ ጫፉ ዙሪያውን ነጫጭ ዶቃ በተሰፋበት ዳንቴል ያለቀ ነው። ከሥሩ ሦስት የውስጥ ጉርዶች አሉት፦ አንደኛው ለስላሳ ገበር፣ ሁለተኛው እየተሸነሸነ የተደራረበ፣ እንደ መረብ የሳሳ ግን ድርቅ ያለ ቱል፣ ሦስተኛው ደግሞ ከታች ዙሪያውን ቀጭን የብረት ሽቦ የገባበት። ሦስቱ አንድ ላይ ወለል ላይ ሲቀመጡ ያለ ሰው በራሳቸው ቆሙ።

"የአክስትሽ ልጅ ረጅም ናት" አለች ወርቅውሃ።

"እወ፣ ረጅም ናት። ያገባችውም በረጅም ታኮ ጫማ ነው። እኔ ታኮ ማድረግ አልችልም፤ ይህ እግር የተሠራው ለዝቅተኛ ጫማ ነው።" ወጋሕታ ግራ እግሯን በጣቷ መታ መታ አደረገች፤ እንደ እንጨት ጮኸ። "እኔ በተራ ቀሚስ ባገባ ደስ ይለኝ ነበር። እናቴ ግን ስንት ዘመን ጥቁር ለብሳ ጠበቀችኝ። ነጭ ለብሼ ልትድረኝ ትፈልጋለች። ለእሷ ብዬ እለብሰዋለሁ። እንዴት እንደምሄድበት ግን የምወስነው እኔ ነኝ።"

"እንዴት ነው መሄድ የምትፈልጊው?"

"ማንም ሳይዘኝ።"

ወርቅውሃ ቬሎውን ዞራ ዞራ አየችው። ከታች ቢቆረጥ ዳንቴሉና ዶቃው ይሄዳል። ማሳጠር የሚቻለው ከላይ ነው፤ ጉርዱን ከደረቱ ተርትሮ መለየት፣ የተረፈውን ከወገብ ላይ መቁረጥ፣ እንደገና ሸንሽኖ መግጠም። የውስጥ ጉርዶቹም እያንዳንዳቸው እንዲሁ። አንዱ ከሌላው በጣት ቢበልጥ ከሥር ብቅ ይላል፤ ቢያንስ ደግሞ ላይኛው ጨርቅ ሰርጉዶ ይተኛል። ቃሓውታ ያለው ሰውዬ ለምን እንደዘጋው ገባት።

"ተዪልኝ" አለች። "እሠራዋለሁ።"

ከዚያ በፊት ግን የርዝመቱ ነገር ነበር። ኣስመረት ለልጇ አጥብቃ የነገረቻት ቬሎው መሬት እንዲጠርግ፣ ጫማው ጨርሶ እንዳይታይ ነው። ወጋሕታ ደግሞ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ይሁን አለች። ወርቅውሃ መሀሉን መረጠች፤ መሬቱን ነካ ብሎ ይቁም፤ እናትም አትከፋ፣ ልጅም አትደናቀፍ ብላ አሰበች። ወጋሕታን ቬሎውን አስለብሳ፣ ጫማዋን እንዳደረገች ቀጥ አድርጋ አቁማ፣ ተንበርክካ በደረቅ ሳሙና ምልክት እያደረገች በስፒል ያዘችው። ከዚያ ገና ምንም ሳትቆርጥ ትርፉን ወገቡ ላይ አጥፋ በረጃጅም ስፌት ጊዜያዊ አድርጋ ገጠመችው። ሽቦውን ባለበት ተወችው።

ወጋሕታ ለልክ ስትመለስ ቬሎው ለብሳው ቆማ ሲታይ ምንም እንከን አልነበረውም። ዙሪያውን እኩል መሬቱን ነክቷል። ወርቅውሃ ራቅ ብላ አየችውና ደስ አላት።

"አሁን ልሂድበት" አለች ወጋሕታ።

"እዚሁ ሳሎን ውስጥ ተመላለሺ።"

"ኣይፋል፣ አይሆንም። ቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ አለው። ግቢው ውስጥ ልውረድ።"

ከሳሎን ወደ ግቢ የሚወስዱት ጥቂት የሲሚንቶ ደረጃዎች ናቸው። ወጋሕታ ቀሚሱን በእጇ ሳትሰበስብ፣ ራሷን ቀና አድርጋ መውረድ ጀመረች። ቀኝ እግሯ ወረደ። ግራው ሲከተል የጫማው አፍንጫ ከሽቦው ጋር ተያያዘ። በደህናው እግር ቢሆን ኖሮ ሰው ሽቦው ሲነካው ይሰማውና ይመልሰዋል፤ ያ እግር ግን የነካውን አይናገርም። ሽቦው ሲጎተት የቀሚሱ ሌላኛው ወገን ወደ ላይ ተገለበጠ፤ ወጋሕታም በእጇ ሲሚንቶው ላይ ወደቀች።

ወርቅውሃ ሮጣ ደረሰች። "ተዉኝ፣ ተዉኝ" አለቻት ወጋሕታ። በዚያ ሁሉ ቱል መካከል በጉልበቷ ዞረች፣ ደህናውን እግሯን ከሥሯ አስገባች፣ ግድግዳውን ይዛ ተነሳች። መዳፏ ተልጦ ደም አውጥቷል። ደሙ ጨርቁን እንዳይነካ እጇን ወደ ጎን ዘርግታ "ይኸው፣ አሁን አወቅነው" አለች።

የግቢው በር ክፍት ነበር። ኣስመረት ከገበያ ስትመለስ ነጩን ነገር ከመንገድ አይታ፣ የልጇን ቬሎ በማን ግቢ እንዳየችው ሳታምን ቆማ ነበር። ልጇ ስትወድቅ ዘንቢሏን ጥላ ገባች።

"ልጄን ልትገድያት ነው?" አለች ወርቅውሃን።

"እማ፣ እኔ ነኝ የመጣሁት" አለች ወጋሕታ።

"እሱን በኋላ እናወራዋለን። ይህ ቀሚስ መሬት ይጥረግ ነው ያልኩት። ረዘም ቢል ኖሮ ሁለት ሰው ከሁለት ወገን ይዞሽ ትሄጂ ነበር፤ አትወድቂም ነበር።"

"እንደ በሽተኛ ተይዤ አልገባም።"

"እና ሰው ሁሉ እግርሽን ይይ? የንጋሲ ዘመዶች ከመንደፈራ ድረስ ነው የሚመጡት።"

"እግሬን ንጋሲ ያውቀዋል" አለች ወጋሕታ ድምጿን ሳታነሳ። "የዚያን ቀን በቃሬዛ የተሸከመኝ እሱ ነው። ዘመዶቹም ይወቁት። አልሰረቅኩትም።"

ኣስመረት ወደ ወርቅውሃ ዞረች። "ይህን ያስተማርሻት አንቺ ነሽ። ድሮም ለእኔ ቤት አዝነሽ አታውቂም። ባሌ የት እንዳለ ጠይቂልኝ ብዬ እያለቀስኩ ስለምንሽ ከዚያች ማኪና እንኳ አልተነሳሽም።"

ወርቅውሃ በእጇ ይዛው የነበረውን የስፒል ቆርቆሮ ደረጃው ላይ አስቀመጠች።

"ተነስቼ ነበር" አለች። "እሸቱ ቢሮ ድረስ ሄጄ ነበር፤ አላውቅም አለኝ። ከዚያ ቤቱ ሄድኩ። እንዲህ ያለ ስም ይዘሽ ሁለተኛ ከመጣሽ አንቺም ወደ ቤትሽ አትመለሺም አለኝ። የገዛ ወንድሜ። ፈራሁ፤ ሌላ ጊዜ አልሄድኩም። ላንቺ አልቻለም ብቻ አልኩሽ። ያለኝን እንዳለ ልነግርሽ አፈርኩ።"

ኣስመረት ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ከዘንቢሏ የወጣ ቲማቲም ግቢው ውስጥ ተበትኗል፤ ማንም አላነሳውም።

"ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገርሽኝም?"

"ደጅሽ መጥቼ መንገር ነበረብኝ። ዛሬ ነገ ስል ቀረ። እየቆየ ሲሄድ ደግሞ የበለጠ ከበደኝ።"

ወጋሕታ በግቢው መሀል፣ በዚያ ሰፊ ቬሎ ውስጥ፣ የተላጠ እጇን ዘርግታ እንደቆመች ናት።

"ይህን ቁጭ ብላችሁ ትጨርሱታላችሁ፤ መጨረስም አለባችሁ" አለች በመጨረሻ። "እኔ ግን የማገባው እሑድ ነው።"

ወርቅውሃ ወደ ቤት ገብታ እርጥብ ጨርቅና ንጹሕ ፋሻ ይዛ ወጣች፤ ኣስመረት ተቀብላት የልጇን መዳፍ ጠቀለለች። ከዚያ ወርቅውሃ እንደገና ተንበረከከች። አሁን ግን "ቀጥ ብለሽ ቁሚ" አላለችም። "ሂጂ" አለቻት። ወጋሕታ ስትራመድ እሷ ከጎኗ በጉልበቷ እየዳኸች ተከተለቻት፤ ግራው እግር ሲወረወር ወደ ውጭ ምን ያህል እንደሚሄድ፣ የቱ ላይ ጨርቁን እንደሚመታ፣ ቆማ የማይታየውን ሁሉ አየች። ደረጃ አስወጣቻት፤ አስወረደቻት። አስቁማ ምልክት አደረገች፤ እንደገና አስኬደቻት።

"ስህተቱ የእኔ ነው" አለች ከመሬት ቀና ብላ። "የለካሁት እንደቆምሽ ነው። ሽቦው ከታች መሆን የለበትም፤ ጉልበትሽ አጠገብ ይወጣል፤ ክቡም ይጠብባል። ከእሱ በታች ቱል ብቻ ይሆናል። ቱል ቢነካሽ ይታጠፋል እንጂ አይዝሽም። ርዝመቱም ከቁርጭምጭሚት በላይ።"

"ጫማዋ ሊታይ ነው" አለች ኣስመረት።

"ይታያል።"

"ከተቆረጠ ደግሞ አይመለስም።"

"አይመለስም" አለች ወርቅውሃ። "ስለዚህ አሁን ተናገሩ። መቀሱን ካነሳሁ በኋላ የማንንም አልሰማም።"

ወጋሕታ እናቷን አየች። ኣስመረት በፋሻ የተጠቀለለውን እጅ፣ ከዚያ የቬሎውን ዳንቴል፣ ከዚያ ልጇን አየች። ከዚያ ተነስታ ነጠላዋን ከወገቧ አሰረች።

"ምን ልያዝ?" አለች።

እንዲህ ያለ ልብስ በእውነትም ብቻውን የሚሠራው ሰው የለም። አንዱ ይዞ ካልወጠረው ቱሉ ያፈተልካል። ኣስመረት ወንበር ላይ ሆና ጉርዱን ወጥራ ያዘች፤ ወርቅውሃ በምላጭ ጫፍ ወገቡን ተረተረች። ደረቱና ጉርዱ ሲለያዩ ኣስመረት ዓይኗን ጨፈነች። መቀሱ ጨርቁ ውስጥ ሲገባም አልገለጠችም። ትርፉ በክብ እየተቆረጠ ወለሉ ላይ ወደቀ።

ቀላል አልነበረም። ጉርዱ ወደ ታች እየሰፋ የሚሄድ በመሆኑ ከላይ ሲቆረጥ አዲሱ አፉ ከወገቡ በለጠ። ወርቅውሃ በክር እየሰበሰበች ሸነሸነችው፤ የመጀመሪያው ሽንሽን ከኋላ ጎበጥ አለባትና ተርትራ እንደገና ጀመረች። ሽቦውን በጉጠት ከቦታው ስታወጣው ተወርውሮ የመስኮቱን መጋረጃ ያዘ፤ ሁለቱ ሴቶች ሲያላቅቁት ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው ሳቁ። ሽቦውን ካሳጠረች በኋላ ጫፍና ጫፉ ቆዳ እንዳይወጋ በጨርቅ ደጋግማ ጠቀለለችው። የቱሉን ቁርጥ በሳቲን ሪባን ለበጠችው፤ ቱል ጠርዙ ካልተሸፈነ ይቧጭራል። ማኪናው የማይችለውን ድርብርብ በእጇ ሰፋችው። ኣስመረት በየቀኑ ከሰዓት እየመጣች ያዘችላት። መጀመሪያ ላይ ስለ ክሩና ስለ ጨርቁ ብቻ ነበር የሚያወሩት። በኋላ ኣስመረት ስለ እስር ቤቱ በር ማውራት ጀመረች፤ ስንቅ ይዛ ቆማ ስለዋለችባቸው ቀኖች። ወርቅውሃ ስፌቷን ሳታቆም አዳመጠች። አንዳንዱ ጋ መርፌውን አስቀምጣ አዳመጠች።

ዓርብ ዕለት ወጋሕታ ለብሳው ግቢውን ዞረች። ደረጃውን ወጣች፣ ወረደች፣ ፈጠን ብላ ወረደች። ቀሚሱ እየተወዛወዘ አብሯት ሄደ እንጂ አልያዛትም። "እንደ ሱሪ ነው" አለች፤ ከእሷ አፍ ትልቅ ምስጋና ነው።

እሑድ ጠዋት ሰርገኛው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተሰበሰበ። ከሜዳ የመጡት ጓደኞቿ በአንድ ወገን፣ የንጋሲ ዘመዶች ነጭ በነጭ ለብሰው በሌላው። ንጋሲ ቀጭን፣ ሱፉ የተዋሰው መሆኑ ትከሻው ላይ የሚያስታውቅ ሰው ነው፤ በሩ አጠገብ ቆሞ ይጠብቃል። የሙሽራዋ መኪና ቆመና ወጋሕታ ወረደች። ነጭ ቀለም የተቀባው ዝቅተኛ ጫማዋ ይታያል። የግራው እግር አረማመድም ይታያል። ሁለት ሚዜዎች ቀሚሱን ሊይዙላት ጎንበስ ሲሉ በእጇ ከለከለቻቸው።

በክንዷ የያዘችው አባቷን ነበር። ሰው ሁሉ ሰረቀብርሃን ልጁን ደግፎ የሚያስገባት መሰለው። አጠገባቸው የነበሩት ግን ወጋሕታ ቀስ ብላ "ኣቦ፣ ደረጃ። አንድ ሌላ ደረጃ። አሁን ሜዳ ነው" ስትለው ሰሙ። ሰረቀብርሃን ድምጿን እየተከተለ አንገቱን ቀና አድርጎ ወጣ።

የንጋሲ አክስት፣ አለባበሷ ያማረ አንዲት ትልቅ ሴት፣ ኣስመረት አጠገብ ነበረች። "ቬሎው አጠረ ልበል? ጨርቅ አንሷቸው ነው?" አለች ለጎረቤቷ፣ ግን እንዲሰማ አድርጋ።

ኣስመረት ዞረች። "ጨርቅ ሞልቶ ተርፏል፤ ቤታችን አለ" አለቻት። "ልጄ እንድትራመድበት ነው እንዲህ የተሰፋው። ሰፊዋም ያቻት፣ ከኋላ የቆመችው። ሰርግ ካለባችሁ አስተዋውቃችኋለሁ።"

ወርቅውሃ ይህን አልሰማችም። ከአንድ ምሰሶ ጎን ቆማ የምታየው የቬሎውን ጀርባ ነበር። በስተ ቀኝ አንዱ የዳንቴሉ ቅጠል መሳይ ጫፍ ከሌሎቹ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ሰርገኛው ሁሉ አላየውም፣ እሷ ግን ቅዳሴው እስኪያልቅ ዓይኗን ልታነሳለት አልቻለችም። ከሰዓት በኋላ ዳሱ ውስጥ የጓይላው ጭፈራ ሲደምቅ ወጋሕታ ከበሮውን እየተከተለች በሰው መሀል ስትዞር፣ ትከሻዋን ስትሰብቅ፣ ቀሚሱ ሲነሳና ሲመለስ ሲያዩት ግን ያ ቅጠል የት እንዳለ እሷም ጠፋት። ኣስመረት መጥታ እጇን ይዛ ወደ ክቡ ጎተተቻት። ወርቅውሃ የአሥመራን ጭፈራ ከብዙ ዘመን በፊት ከዘርዓብሩክ ተምራዋለች፤ ገባች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ተራ ነገር ነው። ወጋሕታና ንጋሲ ፓራዲዞ አካባቢ ቤት ተሰጣቸውና እዚያ ገቡ፤ በዓመቱ ሴት ልጅ ወለደች፤ ክሊኒኳንም አልተወችም። ኣስመረት ልጇ ከሄደችባት በኋላ ከሰዓት ከሰዓት ወርቅውሃ ዘንድ መዋል ልማድ ሆነባት። አንዳንድ ቀን ይከራከራሉ፤ አንዴ በእሸቱ ምክንያት ለሳምንት ያህል ተኮራርፈው ያውቃሉ። እንደገና ግን መጣች።

ወጋሕታ እግራቸውን ወይም ክንዳቸውን ሜዳ ላይ ያጡ ጓደኞቿን እየላከች ወርቅውሃን ሥራ በሥራ አደረገቻት፤ በአንድ እጅ የሚከፈት ቁልፍ፣ ዊልቸር ላይ ሲቀመጡ ወደ ላይ የማይሰበሰብ ቀሚስ። ወርቅውሃ ልክ ከመውሰዷ በፊት ሁሉንም "እስቲ ሂዱ፣ እስቲ ተቀመጡ፣ እስቲ አንድ ነገር ከላይ አውርዱ" ትላቸዋለች።

ክረምቱ አልፎ የሰርግ ወቅት ሲመለስ ደግሞ ዓወት የምትባል የወጋሕታ የጦር ጓደኛ ያንኑ ሻንጣ ይዛ መጣች። ዓወት ከወጋሕታ በራስ ትበልጣለች። ሻንጣው ተከፈተ፤ ቬሎው ብድግ አለ። ኣስመረት ሻሂዋን አስቀምጣ ዓወትን ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና "ይህቺ ደግሞ እንዴት ልትሆን ነው?" አለች።

ወርቅውሃ መነጽሯን አደረገች። "ወገቡ ላይ ሌላ ጨርቅ እንጨምራለን" አለች። "በይ ልጄ፣ ጫማሽን አድርጊና እስከ በሩ ሂጂልኝ።"